የበረኛው አልጋ

እኛ አገር ለቅሶ ቤት ገብቶ «በምን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። «ዝናቡ እኮ አላስወጣ አለን» ይባላል። ከዚያ ስለ ድርቆሽ ይወራል፣ ስለ ጥጃ ይወራል፣ ሻይ ይቀዳል። ሲመሻሽ ሟቹ በምን እንደሞተ ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም አውቆ ይወጣል። በአጥቢያችን በድረምካራ ቀጥተኛ ጥያቄ ከስድብ የሚያንሰው በጥቂቱ ነው።

ይህን እኔ ረስቼው ነበር። ለክህነት እንድማር ገና ጢም ሳላበቅል ወደ ስፔን፣ ወደ ሳላማንካ ተልኬ፣ በፀሐይና በክርክር መሃል አድጌ፣ ሳልቀስስ ተመለስኩ። እዚያ መምህሮቻችን ያልተጠየቀ ነገር እንዳልታወቀ ነው ይሉን ነበር። እዚህ ደግሞ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን አንድ ሰው እንኳ «ፊንታን፣ ለምን ተውከው?» አላለኝም። እናቴም አላለችኝም። አይጠይቁኝም እንጂ ስም ግን አውጥተውልኛል፦ «ግማሽ አባ»።

ሻንጣዬ ከአልጋዬ ሥር በገመድ እንደታሰረ ነበር። የአጎቴ ልጅ ባሕር ማዶ በርሚንግሃም ፋብሪካ ውስጥ ቦታ ይዞልኛል። በየሳምንቱ ልሄድ እወስናለሁ፣ በየሳምንቱ አንድ ነገር ያስቀረኛል። የአጥቢያችን ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ሉክ ጋፍኒ የክለቡ ጸሐፊ ያደረገኝም ያኔ ነው። «ሥራ የለውም፣ ተምሯል፣ ኳስ አይችልም። ከዚህ የተሻለ ጸሐፊ ከየት ልናመጣ ነው?» ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ። ተጨበጨበልኝ።

ነገሩ የሆነው በ1949 እ.ኤ.አ. በጋ፣ በአውራጃችን የጁኒየር ሻምፒዮና ላይ ነው። ጁኒየር መባሉ አያታልላችሁ፣ የልጆች ውድድር አይደለም። ለትልቁ ምድብ ያልበቁ፣ ወይም በቅተው ያረጁ፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ ያሰሩ ወንዶች የሚጋጩበት ነው። ኳሱም በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የእኛው ኳስ ነው፤ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ አንድ ነጥብ፣ ከሥሩ መረብ ውስጥ የገባ ሦስት ነጥብ። አጥቢያ ከአጥቢያ ጋር ይገናኛል። እኛ ድረምካራዎች ዋንጫ ነክተን አናውቅም። ጎረቤቶቻችን ኪልብራኮች ሦስት አላቸው፤ ይህንንም በገበያም፣ በሠርግም፣ በቀብርም ያነሱብናል።

በግማሽ ፍጻሜው የደረሰን ኪልብራክ ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እየመራን ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምት ሰጣቸው። ከገባች አለቀልን። በረኛችን ባርትሊ ሎሃን ነው፤ ዕድሜው አርባን የተጠጋ፣ ያላገባ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፣ በሳምንት አሥር ቃል ከተናገረ የደከመው የሚመስል ሰው። መቺው ሲንደረደር ባርትሊ ንቅንቅ አላለም። ኳሷ ከእግሩ ስትወጣ ነው የተነሳው። ጎመን ውስጥ የገባች ዶሮ እንደሚያባርር ሰው በአንድ እጁ መታትና ከአጥር ውጭ ጣላት። ወዲያው የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ።

ተሸክመነው ሜዳውን ዞርን። «በቃ፣ አውርዱኝ» አለ። የዚያ ሳምንት ንግግሩ ይኸው ነበር።

በማግስቱ የኪልብራኩ ጃርላት ካሲን ለአውራጃው የኳስ ቦርድ አቤት አለ። ጃርላት የከብት ነጋዴ ነው፤ ላሟን ሳያያት ዋጋዋን ግማሽ የሚያወርድ ምላስ አለው። የኳስ ማኅበሩ ሕግ አጭር ነው፦ ሰው የሚጫወተው ለሚተኛበት አጥቢያ ነው። ለሚበላበት አይደለም፣ ለሚያርስበትም አይደለም። ለሚተኛበት። የባርትሊ ቤት ጣጣ ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

የሁለቱ አጥቢያዎች ወሰን አንዲት ትንሽ ጅረት ናት። የሎሃኖች ቤት መጀመሪያ ሲሠራ ወጥ ቤቱ ብቻ ነበር፣ በእኛ በኩል። የባርትሊ አያት ሚስት ሲያገቡ መኝታ ቤት መጨመር ፈለጉ፤ ቦታ ጠበባቸውና ጅረቷን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነው በላይዋ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቱ ድረምካራ፣ መኝታ ቤቱ ኪልብራክ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው በር ደፍ ላይ ቆሞ ዝም ያለ ሰው ከእግሩ ሥር ውሃ ሲሄድ ይሰማል።

«አልጋ ያለው መኝታ ቤት ነው» አለ ጃርላት በገበያ ቀን መንገድ መሃል ቆሞ። «እንግዲህ በረኛችሁ የእኛ ሰው ነው። ድላችሁም የእኛ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ለምን አልወሰዳችሁትም?» አለው ሉክ።

«ጥሩ መሆኑን በምን እንወቅ? የእናንተን ጨዋታ ማን ቆሞ ያያል?»

ሰው ሳቀ። የእኛ ሰውም ጭምር ሳቀ፤ ሉክን ያናደደው ይኸኛው ነው።

የቦርዱ ሊቀመንበር መምህር ፌላን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄደው በዓይናቸው አይተው እንደሚፈርዱ አስታወቁ። የባርትሊ አልጋ ኪልብራክ ውስጥ ከተገኘ ድሉ ይሰረዛል፣ ለፍጻሜ የሚያልፉት እነሱ ይሆናሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሉክ ኮርቻ መሥሪያ ውስጥ ተሰበሰብን፦ ሉክ፣ አምበላችን ኮርማክ፣ እኔና አንድ ሁለት ተጫዋቾች። ሉክ መርፌውን ቆዳ ላይ ሰክቶ «አልጋው መሻገር አለበት» አለ።

«ጋሽ ሉክ» አልኩ፣ «መጀመሪያ ራሱን ባርትሊን ለምን አንጠይቀውም?»

«ምን ብለን?»

«‹የት ነው የምትተኛው?› ብለን።»

ወለሉ ላይ የተፋሁ ያህል አዩኝ። ኮርማክ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

«ያላገባ ትልቅ ሰው ፊት ቆመህ ‹የት ነው የምትተኛው› ትለዋለህ?» አለኝ። «ስፔን እንዲህ ነው እንዴ የምታወሩት?»

«ደግሞም ካወቀ መዋሸት ሊኖርበት ነው» አለ ሉክ። «ባርትሊ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። የማያውቅ ሰው አይዋሽም። ነገ ሁለተኛው ቅዳሴ ላይ ከእናቱ ጋር ይሄዳል። እኛ ከመጀመሪያው ቅዳሴ ወጥተን፣ ገብተን፣ አሻግረን እንወጣለን። መምህር ፌላን አይተው ይሄዳሉ። ማን ምን አለ? ማንም ምንም አላለ።»

ሐሳቡ እብደት መሆኑ ታይቶኝ ነበር። ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲያብድ ብቻውን ጤነኛ ሆኖ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሰለች የማውቀው ከሳላማንካ ነው። መጠራጠር ልማዴ ነው፤ ጥርጣሬዬን እንደያዝኩ አልጋ መሸከም እንደምችል ግን በዚያ እሑድ ተማርኩ።

የሎሃኖች በር አይቆለፍም፤ የማንም በር አይቆለፍም። ምድጃው ላይ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀው የአፈር ማገዶ አመድ ለብሶ ይጨሳል። አልጋው የብረት ነው፣ በአራቱም ጫፍ የነሐስ ጉብታ ያለው፣ ከባድ። በሩ ላይ ተጣብቆ አልወጣ ብሎን ራስጌውን ፈትተን አሳለፍነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ቦታ የለም፤ ጠረጴዛው፣ የሳህን መደርደሪያው፣ ምድጃው ዳር ደግሞ በየቤታችን ያለው ዓይነት፣ ሥሩ እንደ ሣጥን የተዘጋ ረጅም የእንጨት መቀመጫ። መቀመጫውን ልንገፋው ብንል እንቢ አለ። ኮርማክን ቅልጥሙን መታው።

«ድንጋይ ነው እንዴ ውስጡ የሚያስቀምጡት?» አለ እያነከሰ።

የሰው ዕቃ ከፍቶ ማየት ነውር ስለሆነ አልከፈትነውም። የሰው አልጋ መስረቅ ግን ነውር አልመሰለንም። መቀመጫውን እንደምንም ወደ መደርደሪያው አስጠግተን አልጋውን ምድጃው ፊት አቆምነው። ሉክ ወደኋላ ሸሸት ብሎ እንደ ሠዓሊ አየው። ከዚያ ከበሩ ኋላ የተሰቀለ የባርትሊ ሱሪ አምጥቶ የነሐሱ ጉብታ ላይ ሰቀለ።

«አሁን ሰው የሚተኛበት መሰለ» አለ።

እኔ ትራሱን ሳስተካክል ከሥሩ መቁጠሪያና ሁለት የፀጉር መርፌ አገኘሁ። ጽጌረዳ የተጠለፈበትን የአልጋ ልብስ አየሁት። ኮርማክን ልጠራ አፌን ስከፍት የጋሪ ድምፅ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ መርፌዎቹን ኪሴ ከተትኩ።

ባርትሊና እናቱ ብቻ አልነበሩም። መምህር ፌላንና ሁለት የቦርድ ሰዎች፣ ጃርላትም ጭምር፣ ከዚያው ቅዳሴ ወጥተው ተከትለዋቸው መጥተዋል። የባርትሊ እናት እማማ ዴሊያ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቀድመው ገቡ። ምድጃቸው ፊት የቆመውን አልጋ አዩ። የተሰቀለውን ሱሪ አዩ። ላብ ያጠመቀንን እኛን አዩ።

«ሊዘንብ ነው» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ ዴሊያ» አሉ መምህር ፌላን አልጋውን በጎን እየዞሩ። «በምዕራብ በኩል ጠቁሯል።»

ሻይ ተቀዳ። ዳቦና ቅቤ ቀረበ። በአልጋው ዙሪያ ስኒ ጉልበታችን ላይ ይዘን ተጨናንቀን ተቀመጥን፣ አንዱ የቦርድ ሰው የባርትሊ ሱሪ ትከሻው ላይ እየተንጠለጠለበት። ስለ አጃ ተወራ። ስለ ቄሱ ጉንፋን ተወራ። አልጋ የሚል ቃል ግን አልወጣም። ባርትሊ በሩ ጋ ቆሟል፣ ዓይኑ ስኒው ውስጥ ነው፣ ጆሮው ቀልቷል።

ይህን ወሬ መታገሥ ያቃተው ጃርላት ነው። ስኒውን አስቀምጦ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ፣ ወዲያው ወጣ።

«መምህር፣ ይምጡና ይዩ! ወለሉ ላይ የአልጋው እግር የቆመበት ጎድጉዶ ይታያል። አቧራው የአልጋውን ቅርጽ ይዞ ተቀምጧል። ይህ አልጋ ዛሬ ጠዋት ኪልብራክ ነበር!»

መምህር ፌላን ገብተው አይተው ወጡ። ፊታቸው እንደ ምዕራቡ ሰማይ ሆኗል።

«ቦርዱን ለማታለል የተደረገ ከሆነ» አሉ፣ «በረኛው የትም ይተኛ የት ጨዋታውን ለኪልብራክ ልንሰጥ እንችላለን። የክለቡ ጸሐፊ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ግማሽ አባ!» አለ ጃርላት እጁን እያፋተገ። «በል ተናዘዝ እንጂ። የለመድከው ሥራ ነው።»

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ወሰን ምን እንደሆነ፣ ቤት ምን እንደሆነ፣ መኖር ምን እንደሆነ በሦስት ክፍል የሚተነትን ንግግር፤ ሳላማንካ ቢሆን ያስጨበጭብ ነበር። ኪሴ ውስጥ ግን እጄ የፀጉር መርፌዎቹን ነክቶ ነበር። ሉክ በዓይኑ «ተናገር፣ ግን ምንም አትበል» ይለኛል። ወደ በሩ ዞርኩ።

«ባርትሊ፣ አንተ የት ነው የምትተኛው?»

ሉክ ዓይኑን ጨፈነ። ኮርማክ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጃርላት እንኳ ስኒውን አንስቶ ባዶውን ጠጣ። ከደፉ ሥር ውሃው ሲሄድ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ባርትሊ ስኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። በእኛ መሃል አልፎ ሄደና፣ ለብዙ ሆነን የገፋነውን የእንጨት መቀመጫ በአንድ እጁ ጎትቶ ወደ ምድጃው ዳር መለሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መቀርቀሪያውን ነቀለና የመቀመጫውን ፊት ወደ ወለሉ ዘረጋው። ውስጡ የገለባ ፍራሽ ነበር፤ ሁለት ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ፍራሹ ላይም የረጅም ሰው ጎን ለዓመታት ያሰረጎደው ጉድጓድ።

«እዚህ» አለ።

በየቤታችን አለ ያልኩት መቀመጫ ነው። ድሮ ለማኝና ድስት ጠጋኝ ሲመሽበት የሚያድርበት፣ ሲነጋ ተዘግቶ ሰው የሚቀመጥበት። ሜዳ ሙሉ ሰው ትከሻው ላይ ያዞረው ሰው የለማኝ መኝታ ላይ ነበር የሚተኛው፤ ጆሮው የቀላውም ለዚህ ነበር እንጂ ለውሸት አልነበረም።

«እሳቱን ማን ይጠብቀው ታዲያ?» አሉ እማማ ዴሊያ። ድምፃቸው ከፍ ያለው ያኔ ብቻ ነው። «አባቱ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ነው። አያቱ ያነደዱት እሳት በዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ ሌሊት እየተነሳ የሚቆሰቁሰው እሱ ነው፣ እኔ እንዳይበርደኝ። አልጋው የእኔ ነው። እኔ ኪልብራክ ተወልጄ፣ ኪልብራክ ተኝቼ፣ ድረምካራ ቀቅዬ ነው ያረጀሁት። አሁን የወንድ ሱሪ ከአልጋዬ ላይ አንሱልኝ።»

ሱሪው ተነሳ። ማን እንዳነሳው አላየሁም፣ እንደዚያ ነበር የፈጠነው። እኔም መርፌዎቹን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ጃርላት መሳቅ ጀመረ። ግድግዳ እስኪደገፍ ሳቀ። «ሉክ! የባልቴት አልጋ ሰርቃችሁ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ልታድኑ? አንዲት ጥያቄ ብትጠይቁት ኖሮ!»

«አንተስ ጠይቀኸው ነበር?» አለው ሉክ።

ጃርላት ሳቁን አቆመ። «እኔ? ምን ብዬ?»

«እኮ!»

መምህር ፌላን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባርትሊ ሎሃን የሚተኛው ድረምካራ ነው። ድሉ ይጸናል። ለማታለል ያሰቡት ራሳቸውን ብቻ ስላታለሉ ቦርዱ በዚያ ላይ የሚጨምረው ቅጣት የለውም። ግን ይህ አልጋ ቦታው ሳይመለስ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም። ጃርላት፣ አንተ በራስጌ በኩል።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ወደ ኪልብራክ ስለሚገባ ተቀበለው።»

ተሸከምነው። ችኮላው ራስጌውን መፍታት አስረሳንና በሩ ላይ ተሰነቀረ፤ ጃርላት ከዚያ ወዲያ፣ ሉክ ከዚህ ወዲህ።

«ግፋ!» አለ ጃርላት።

«አንተ ሳብ እንጂ! ኪልብራክ መሳብ ተከለከለ?»

«ግማሹ የእናንተ፣ ግማሹ የእኛ ሆኖ ይቅር!»

«አቤት በላ! ቦርዱ እዚሁ ነው!»

«ልጆች፣ የበሩን ቀለም» አሉ እማማ ዴሊያ፣ ሁለተኛውን ሻይ እየጣዱ።

ሁሉም ሲሄድ እኔ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ባርትሊ አህያውን ፈትቶ ሲመለስ አጠገቤ ቆመ። ፊቴን ሳይሆን መንገዱን እያየ ነው የተናገረው።

«ለምን ተውከው?»

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ ኳስ ደረቴ ላይ አረፈ። ነገርኩት። ብዙ አልፈጀም። ለሁሉም ጥያቄ መልስ አለ ይሉን እንደነበር፣ መልሶቹን ሁሉ በቃሌ እንደያዝኳቸው፣ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አንዱንም እንደማላምነው እንዳወቅሁ ነገርኩት። እናቴን ማየት እንደሚያሳፍረኝም ነገርኩት። ዝናቡ ጀመረ። ባርትሊ እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ፣ ውሃው ከኮፍያው ጫፍ እየተንጠባጠበ።

«ድርቆሹን አበላሸው እንግዲህ» አለና ትከሻዬን በዚያ አካፋ እጁ መታ አድርጎኝ ገባ።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴም ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። «አውቄዋለሁ እኮ» አለች። በዚያው ሳምንት የሻንጣዬን ገመድ ወስዳ ጥጃ አሰረችበት፤ እኔም መልሺልኝ አላልኳትም።

ፍጻሜውን የተጫወትነው በመስከረም፣ ከአውራጃው ሰሜን ጫፍ ከመጡ ተራራ ከሚያህሉ ሰዎች ጋር ነው። ስለ ጨዋታው ብዙ አልልም፤ አሸነፍን፣ የሚገባንም ነበር። ኮርማክ ከሩቅ የመታት የመጨረሻዋ ነጥብ አሁንም በእኛ መንደር በተወራች ቁጥር እየራቀች ትሄዳለች። ባርትሊ አንድም ጎል አልገባበትም። ኪልብራኮችም በሙሉ መጥተው ጮኹልን፤ ለድረምካራ ሳይሆን ለእማማ ዴሊያ ልጅ ነው እያሉ። እኔ በዚያ ጊዜ የአጥቢያው ጠያቂ ሆኛለሁ። የልጃገረድ አባት ሐሳቡ እንዲታወቅ ሲፈለግ፣ የተበደረ ጋሪ ሳይመለስ ሲቆይ፣ «ፊንታንን ላኩት፣ እሱ አያፍርም፣ ስፔን ነው የተማረው» ይላሉ። ግማሽ አባ የሚለኝ ጃርላት ብቻ ነው የቀረው።

ዋንጫው መጀመሪያ የገባው ሎሃኖች ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ከሁለቱም አጥቢያ በመጣ ሰው ተሞልቶ መተንፈሻ ጠፋ፤ እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ድንቹና የአሳማ ሥጋው ይታደላል። እማማ ዴሊያ ዋንጫውን በመጎናጸፊያቸው ወለወሉት፣ አቅፈው በደፉ ላይ ተሻገሩና መኝታ ቤታቸው መስኮት ላይ አስቀመጡት።

«ከዚህ ግርግር ይረፍ» አሉ። «ዛሬ ከእኔ ጋር ይደር።»

ጃርላት ሹካውን ድንቹ ላይ እንደተከለ ቀጥ አለ። መስኮቱን አየ፣ ደፉን አየ፣ ፊቱ ላይ ብርሃን ወጣ።

«መምህር ፌላን!» ብሎ ጮኸ። «ሕጉ ምን ነበር የሚለው? የሚያድርበት አይደለም እንዴ?»

መምህር ፌላን አፋቸው ሥጋ እንደሞላ ነበር። መልሳቸውን የጠበቀ ግን የለም፤ ሉክ ጋፍኒ በዚያ ዕድሜው፣ በሰው እግር ላይ እየዘለለ፣ የመኝታ ቤቱ በር ጋ ደርሶ ነበር።